የኪዳነ ምሕረት ዕለት ውኃ

የካቲት አሥራ ስድስት ቀን፣ ከማለዳ እስከ ምሽት በዝግባ ቦይ ሲወርድ የዋለው ውኃ የማን ነበር?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ደግሞ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ፣ ሰባት ዓመት ተቀምጬ ሃይማኖቱ የበዛ አገር በአንድ ሕግ እንዴት ይተዳደራል የሚል ጥናት ጽፌ ተመርቄያለሁ። ያንን ሁሉ ጽፌ የአንድ ቀን ውኃ ባለቤት ማን እንደሆነ መናገር አቃተኝ።

ዝግባ ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት የማይሞላ ገጠር ነው። የተወለድኩት እዚያ ነው፤ የምሠራው ግን ፍኖተ ሰላም፣ የገበሬ ማኅበራትን መተዳደሪያ ደንብ በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። በዝግባ ከወንዙ ተጠልፎ የሚመጣ አንድ ቦይ አለ። አሥራ ስድስት ቤተሰብ በበጋ ድንችና ሽንኩርት ያለማበታል። አሥራ አምስቱ ክርስቲያን ናቸው። አሥራ ስድስተኛው ቤት የአያ ኑርዬ አሊ ነው። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። በደርግ ጊዜ መሬት ሲታደል ከቦዩ ጫፍ፣ ውኃው ወደ ወንዙ ከመመለሱ በፊት ያለው ድንጋያማ ማሳ ደረሳቸው፤ ሌላ የፈለገው ሰው አልነበረም። ልጃቸው አያ ኑርዬ ድንጋዩን ለቅመው ለቅመው ሽንኩርት አበቀሉበት።

የውኃ አባት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ዛሬ ውኃው ወደ ማን ማሳ እንደሚሄድ የሚወስኑት፣ የተጣላውንም የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ሥርዓታቸው እንዲህ ነበር። በሥራ ቀን አሥራ አምስቱ በተራ ያጠጣሉ። በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም፣ በባለ ወልድና በእሑድ ግን ዶማ የሚያነሣ ክርስቲያን የለም። በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያስወርዳል ተብሎ ይፈራል፤ በወንፈል የሚያግዘውም ያጣል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ውኃው የአያ ኑርዬ ነው። በሥራ ቀን ደግሞ ተራ የላቸውም። በበዓል ቦዩ ቢደረመስ ወይም ከብት ቢገባበት የሚጠግኑት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህንን ማንም በጽሑፍ አላሰፈረውም፤ ሠላሳ ዓመት ግን ሲሠራበት ኖሯል።

ልጅ ሆኜ የሰማሁት ንግግራቸው አሁንም ትዝ ይለኛል። ቄስ ወልደ ዮሐንስ በበዓል ማለዳ ለቅዳሴ ሲሄዱ በቦዩ ጥግ ያልፉና ይጣራሉ።

"ኑርዬ፣ ተነሥ፣ ውኃህን ተቀበል።"

"ዛሬ የሚያጠጣኝ ማን ነው፣ አባ?"

"ሚካኤል።"

"እሱስ ደግ ነው። ባለፈው ማርያም ግን ውኃው አንሶብኝ ነበር።"

"እሷን ለእኔ ተዋት። አስታርቃችኋለሁ።"

ባለፈው ኅዳር ትእዛዝ መጣ። የውኃ ተጠቃሚዎች ሁሉ በጽሑፍ ደንብ ይደራጁ፣ ያልተመዘገበ ማኅበር ለቦዩ የሲሚንቶ ድጋፍ አያገኝም ተባለ። አገሩን ያውቃል ተብዬ ወደ ዝግባ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ስደርስ ጸሐፊያቸው ክንዱ ረቂቁን በደብተር ወረቀት ጽፎ ጠበቀኝ። ክንዱ የእኔ እኩያ ነው፤ ቡሬ ስልክ ሲጠግን ኖሮ ወደ እርሻው የተመለሰ። ከጻፋቸው መስመሮች አንዱ "በበዓላት ቀን ውኃው የኑርዬ ነው" ይላል።

ስክሪብቶ አውጥቼ ሠረዝኩት።

"ምን አጠፋ?" አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ።

"ሕግ ቅዱሳንን አይጠራም፣ አባ። ለሰውም በሃይማኖቱ ለይቶ ውኃ አይሰጥም፣ አይከለክልም።"

"እኛ መቼ ለየን? የሚጠጣው እንደሆነ ሽንኩርት ነው።"

"ዛሬ እርስዎ አሉ። ነገ ሌላ የውኃ አባት ተሹሞ ‘ለእስላም አልሰጥም’ ቢልስ? ያን ጊዜ አያ ኑርዬ በእጃቸው ምን ይዘው ይከራከራሉ?"

ጥያቄዬ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

አንቀጽ ዘጠኝን እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ውኃ በሃይማኖት፣ በጾታና በሀብት ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም አባል በእኩል ተራ ይከፋፈላል። ማንም ከተራው ውጭ ቦዩን መክፈት፣ ወይም ተራውን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ይህን የጣሰ ሦስት ተራ ይታገዳል። ማስተላለፍን የከለከልኩት ሀብታሙ የደሃውን ተራ እንዳይነጥቅ ነው። ሌላ ቦታ እንደዚያ ሲደረግ አይቻለሁ።

አያ ኑርዬ ከኋላ እጃቸውን አወጡ። "እኔም በሥራ ቀን ተራ ሊኖረኝ ነው?"

"እንደ ማንኛውም አባል።"

"እንግዲህ ከቅዱሳኑ ጋር ተፋታን ማለት ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ተጨበጨበ። እሳቸውም አጨበጨቡ። እኔ በዚያ ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል እርሻውን እያየሁ፣ ከህንድ መመለሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም ያለው ነገር መስሎኝ ነበር።

ያላየሁት ይህን ነው። አያ ኑርዬ በወር ስምንት ዘጠኝ ቀን ያጠጡ ነበር፤ ወረቀት ላይ ሳሰላው አድልዎ መሰለኝ። በእነዚያ ቀናት ውኃው ለሌላ ለማንም እንደማይሆን ወረቀቱ አያሳይም። በአዲሱ ደንብ ተራቸው በአሥራ ስድስት ቀን አንድ ጊዜ ሆነ። የላይኞቹ ማሳ ጥቁር አፈር ነው፤ እርጥበት ይይዛል። የእሳቸው ድንጋይ በአምስት ቀን ይደርቃል። ተራው በበዓል ቀን የዋለበት ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ውኃው ማንንም ሳያጠጣ በአያ ኑርዬ ማሳ ጎን ያልፍና ወንዝ ይገባል።

በጥር መጨረሻ ደወሉልኝ። "ናሁሰናይ፣ የሽንኩርቱ ጫፍ መቅላት ጀምሯል። ውኃው በጎኔ ሲሄድ እያየሁ መቀመጥ ከበደኝ።"

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ አያ ኑርዬ። በዓመቱ የአፈጻጸም ሪፖርት ላይ አነሣዋለሁ።"

"ሽንኩርት ሪፖርት አይጠብቅም" አሉኝ፤ አልተቆጡም። እኔም ስልኩን ዘግቼ ወደ ሌላ ማኅበር ደንብ ዞርኩ።

ኪዳነ ምሕረት የዝግባ ደብር ታቦት ናት፤ የካቲት አሥራ ስድስት ንግሧ ነው። ለበዓሉ ከፍኖተ ሰላም መጥቼ ነበር። እንደ ወትሮዬ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ቦታዬ እዚያ ነው፤ አልገባም፣ ትቼም አልሄድም። ታቦቱ ወጥቶ እልልታው ሲቀልጥ ክንዱ ነጠላውን እንዳጣፋ በሰው መሐል ተሽሎክልኮ መጣና ስልኩን ዘረጋልኝ። ፎቶው ላይ አያ ኑርዬ ዶማ ይዘው ከቦዩ ዳር ቆመዋል። ውኃው ወደ ማሳቸው ዞሯል።

"አንቀጽ ዘጠኝ" አለኝ።

"ክንዱ፣ ዛሬ ማን ሊያጠጣ ነው? ውኃው እንደሆነ ወንዝ ሊገባ ነው።"

"ተራው የእቴቴ ካሰች ነው። ወንዝ ይግባ፣ ገደል ይግባ፣ እሱን አላውቅም። ከተራ ውጭ የከፈተ ይታገዳል።"

"አያ ኑርዬን ታግዳለህ?"

"እኔ በጥር ለግማሽ ሰዓት ከፍቼ ሦስት ተራ ታግጃለሁ። አዘንክልኝ? አሁን እሳቸውን ባልፍ ሰዉ ‘ለእስላም አደላ’ ይለኛል። ብቀጣ ደግሞ አንተ ‘እስላም ስለሆኑ ነው’ ትለኛለህ። እኔ ሃይማኖታቸውን አላየሁም። ተራቸውን ነው ያየሁት። እንደዚህ አድርጉ ብለህ የሄድከው አንተ ነህ እኮ።"

ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ እስኪያስገባ ጠብቄ እቴቴ ካሰችን ፈለግኳቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። ከቄስ ወልደ ዮሐንስ ጋር በቅጥሩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"እኔ ሰጥቻቸዋለሁ" አሉኝ ገና ሳልጨርስ። "ጠዋት በበራቸው ሳልፍ ‘ዛሬ ያንቱ ነው’ ብያቸው ነው የመጣሁ። እኔ በኪዳነ ምሕረት ውኃ ምን ላደርግበት?"

"መስጠት አይቻልም፣ እቴቴ።"

"የራሴን?"

"የራስዎንም ቢሆን። ደንቡ ይከለክላል።"

"ማነው ይኼን ደንብ የጻፈው?"

ቄስ ወልደ ዮሐንስ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይኸው ቆሟል።"

"እርስዎን ለመጠበቅ ነው" አልኳቸው። "ጉልበተኛ ተራዎን እንዳይወስድብዎ።"

እቴቴ ካሰች ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ከኑርዬ ነው የምትጠብቀኝ?"

በዚያች ሰዓት የጥያቄውን መልስ አገኘሁ፤ ባላገኘው ይሻለኝ ነበር። በእኔ ደንብ መሠረት ውኃው የእቴቴ ካሰች ነበር። እሳቸው ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ እኔ ስለከለከልኳቸው ሊሰጡት አይችሉም። ስለዚህ የወንዙ ነበር።

ሦስት ተራ ማለት አርባ ስምንት ቀን ነው። ሽንኩርት አርባ ስምንት ቀን ያለ ውኃ አይቆይም።

በማግስቱ፣ መንገዱ በየጊዜው ስለሚዘጋ፣ ክፍት መሆኑን ከሾፌሮች አጣርቼ ቡሬ ወረድኩ። ደንብ የሚመዘግበው ያረጋል የሚባል ሰው ነው፤ ጨዋ፣ ጠረጴዛው ንጹሕ፣ ሰው ሲናገር ስክሪብቶውን አስቀምጦ የሚያዳምጥ። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኩት።

"አዝናለሁ" አለኝ። "ግን መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። በዓል የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ላይ ማኅተም አላሳርፍም። በሰጠኸን ሥልጠና ላይ ይህንን ያልከን አንተ ራስህ ነህ።"

"በዓል የሚለውን አወጣዋለሁ። ‘አባላት ውኃ በማይጠቀሙባቸው ቀናት’ እላለሁ።"

"የትኞቹ ናቸው ቀናቱ?"

"በወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ ስድስት፣ በሃያ አንድ..."

ፈገግ አለ። "ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም። እኔም እነሱን እየቆጠርኩ ነው ያደግኩ፣ ወንድሜ። እሺ፣ ለኑርዬ ፈቀድኩ እንበል። ነገ ጴንጤው መጥቶ ‘ለእኔም የራሴን ቀን ለዩልኝ’ ይለኛል። በምን መለኪያ ልመልስለት?"

ለዚህ ጥያቄ በጥናቴ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለኝ። የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ዓይነት መስፈሪያ መስፈር ራሱ አድልዎ ሊሆን እንደሚችል፣ ከሃይማኖቶች እኩል መራቅና ሃይማኖቶችን አለማየት አንድ እንዳልሆኑ፣ ምሳሌ እየጠቀስኩ ጽፌዋለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ድምፄ እየጨመረ ሲሄድ ለራሴም ተሰማኝ። ያረጋል ሳያቋርጥ አዳመጠኝ።

"ጥሩ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጻፈውና አምጣ። ጠቅላላ ጉባኤው ያጽድቀው። ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንዱ ይገኙ። ልዩ ተጠቃሚ የሚሆነው አባል በአካል ተገኝቶ ይፈርም፤ በስሙ ሌላ ሰው እንዳይነግድበት። እኔም በታዛቢነት እመጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን አልሠራም።"

እዚህ ላይ ሌላው ጽሑፌ ጠለፈኝ። የዝግባ ሰው የሚሰበሰበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ነው። በአንቀጽ አሥራ አራት ጉባኤው በሃይማኖት ተቋም ቅጥር ውስጥ አይደረግም ብያለሁ። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ በቀበሌው አዳራሽ ጠራኋቸው። ስምንት ሰው መጣ። እንደገና ስጠራ ስድስት መጣ፤ ያረጋልም መንገድ ተዘግቶበት ቀረ።

በመጋቢት አጋማሽ ወደ አያ ኑርዬ ማሳ ሄድኩ። ላሞች ገብተው የሽንኩርቱን ደረቅ ቅጠል እየጎተቱ ነበር። ያስገቧቸው አያ ኑርዬ ራሳቸው መሆናቸውን እቴቴ ካሰች ነገሩኝ። አሁን ቡሬ፣ ወንድማቸው ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ገብተዋል አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ሜትር በአንገታቸው አንጠልጥለው አገኘኋቸው። ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ፤ ሻይም አስመጡልኝ።

"ይግባኝ እንበል፣ አያ ኑርዬ። ቅጣቱን ማስነሣት ይቻላል።"

"በማን ላይ ነው ይግባኙ? በክንዱ? ክንዱማ ያነበበውን አደረገ።"

"እንግዲያውስ በእኔ ላይ ይበሉ።"

ሳቁ። "አንተን ከስሼ የት እደርሳለሁ? የማውቀው ጠበቃ አንተን ብቻ ነው።"

ከዚያ ሳቃቸው ቀረ። ጨርቁን በክንዳቸው እየለኩ፣ ሳያዩኝ ተናገሩ። "የከፋኝ ሽንኩርቱ አይደለም፣ ናሁሰናይ። ሽንኩርት በዋግም ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት በዚያ ቦይ ዳር ዶማ ይዤ ስቆም ያየኝ ሰው ‘ኑርዬ ውኃ እያዞረ ነው’ ብሎ ነበር የሚያልፈው። አሁን ፎቶ አነሡኝ። ፎቶ የሚያነሡት ሌባን ነው።"

"ማሻሻያ እያዘጋጀሁ ነው። የበዓሉ ቀን ወደ እርስዎ ይመለሳል።"

"በወረቀት?"

"በወረቀት። ማንም እንዳይነካብዎ።"

"ምን ተብዬ ነው የምጻፈው?"

"በሃይማኖታቸው ምክንያት..." ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። "ልዩ ተጠቃሚ ተብለው።"

"ልዩ" አሉ ቀስ ብለው። አንዲት ገበያተኛ ገብታ የነጠላ ጥለት ጠየቀቻቸው፤ ወደ እሷ ዞሩ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

መፍትሔውን ያገኙት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። "መጋቢት ባለ ወልድ ሰኞ ነው የሚውል" አሉኝ። "ያንተ ሰውዬ ሥራ ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ሥራ ፈት ነን። በዚያ ቀን ጥራን።" እንዴት ሳላስበው እንደቀረሁ እንጃ። ለአያ ኑርዬ ቀኑን በወንድማቸው በኩል ላክሁባቸው። "ነግሬዋለሁ" አለኝ ወንድምየው።

ሰኞ ዕለት አሥራ አምስቱም መጡ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ አዳራሹ በነጭ ነጠላ ተሞላ። ያረጋል በሰዓቱ ደረሰና ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ማሻሻያውን ክንዱ ራሱ ቆሞ አነበበው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

"ሕጉ ከተለወጠ እኔም እለወጣለሁ" አለ ሲጨርስ። "መጀመሪያም ይኼን ብትጽፍልን ኖሮ ያንን እፈጽም ነበር።"

"ቁጭ በል አሁን" አሉት እቴቴ ካሰች። "ፎቶ አንሺ።"

አሥራ አምስት እጅ ተነሣ። የቀረው አንድ ፊርማ ነው። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ደጋግመው በሩ ላይ እየወጡ የቡሬን መንገድ አዩ። ያረጋል፣ ይሉኝታ ይዞት፣ ሰዓቱን በጠረጴዛው ሥር ነበር የሚያየው።

"ያለ እሳቸው ማጽደቅ አንችልም?" አልኩት።

"የሳቸው መብት ነው። በመብታቸው ላይ ያለ እሳቸው እንዴት ብዬ?"

ልክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው።

ወደ ውጭ ወጥቼ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ደወልኩ። ከዚያ መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ረጅም ጻፍኩ፤ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ፣ በጥር ሲደውሉልኝ መምጣት እንደነበረብኝ፣ ያቺን መስመር ስሠርዝ አንድም ነገር እንዳልጠየቅኳቸው። ያረጋል በሩ ላይ ብቅ ብሎ "እህስ?" አለኝ። ሁሉንም አጠፋሁትና አጭር አድርጌ ላክሁ፤

"አያ ኑርዬ፣ ናሁሰናይ ነኝ። ጉባኤው ተሟልቷል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ባጃጅ ልላክልዎ?"

መልእክቱ መድረሱን ስልኬ ወዲያው አሳየኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። መልስ አልመጣም፤ በዚያ ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣም።